አልፍሬድ ኢልግ፦ ከአንኮበር ጠመንጃ እስከ ምድር ባቡር ኩባንያ ውሕደት

ከካራቆሬ ተነሥቶ በሸዋ ሮቢት በኩል ወደ ጣርማበር የሚያቀና መንገደኛ በግራው የአዋሽን ቆላ፣ በቀኙ የሸዋን ተረተር እያየ ይጓዛል። የይፋት ሕይወት ዛሬ የተንጠለጠለው ከሰሜን ወደ ደቡብ በተዘረጋው በዚህ አውራ ጎዳና ላይ ነው። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ግን የአካባቢው ትልቁ መንገድ አቅጣጫው ሌላ ነበር። ከባሕሩ ዳርቻ የሚነሣው ቅፍለት የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ ከተረተሩ ሥር ፋሬ ላይ ይሰፍራል። ግመል ዳገቱን አይወጣምና ጭነቱ እዚያ ወደ በቅሎ፣ ወደ አህያና ወደ ሰው ትከሻ ይዛወራል፤ ከዚያም በአልዩ አምባ ገበያ አድርጎ አንኮበር ይገባል። የሸዋ ነገሥታት ከውጭው ዓለም ያገኟቸው ጨርቅ፣ ባሩድና ጠመንጃ የመጡት በዚህ በር ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በሩን ይጠብቁ የነበሩት ወላስማ በሚል ማዕረግ የሚታወቁት የይፋት ሙስሊም ገዢዎች ነበሩ።

ይህ ጽሑፍ በዚያ በር ከገቡት ሰዎች መካከል የአንዱን ሕይወት ይመለከታል። አልፍሬድ ኢልግ የሚለው ስም በዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ የታወቀ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ግን ከዝርዝር ጋር ነው፦ ድልድይ ሠራ፣ ውሃ በቧንቧ አመጣ፣ ባቡር አስጀመረ። ዝርዝሩ ስሕተት የለበትም። ሆኖም ከዝርዝሩ ሥር አንድ ጥያቄ ተደብቋል። ኢልግ ለንጉሡ በእጁ የሠራቸው ነገሮች የንጉሡ ሆነው ቀሩ፤ በኩባንያ ስም ያስጀመረው ግን ከንጉሡም ከእርሱም እጅ ወጣ። ይህ እንዴት ሆነ? መልሱ የሚገኘው በምሕንድስናው ውስጥ ሳይሆን በአክሲዮን ገበያው ውስጥ እንደ ሆነ ለማሳየት እሞክራለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢልግ የተወለደው መጋቢት 30 ቀን 1854 በስዊዘርላንድ፣ በቱርጋው ካንቶን ዋና ከተማ በፍራውንፌልድ ነው። በመጀመሪያ በመካኒክነት ሙያ ሠለጠነ፤ ከዚያም በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ገብቶ ምሕንድስና ተማረ። ይህ ቅደም ተከተል በኋላ ለሚመጣው ሁሉ ቁልፍ ነው። ስሌቱን ብቻ የሚያውቅ መሐንዲስ አንኮበር ላይ አንድ ዓመትም ባልቆየ ነበር። ብረት ማጋልና መሞረድ የሚያውቅ፣ የጎደለውን ዕቃ ራሱ የሚሠራ ሰው ግን ሥራ አያጣም።

ለምን ወደ ሸዋ መጣ? በ1878 ምኒልክ በልቼ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር ታርቀው የሸዋ ንጉሥነታቸውን ካጸደቁ ገና አልሰነበቱም ነበር። ንጉሠ ነገሥት የሚለውን ስም ትተዋል፤ ፍላጎቱ ግን አልሞተም። ለዚያ ፍላጎት መሣሪያ ያስፈልጋል፣ መሣሪያውን የሚጠግን ሰውም ያስፈልጋል። ምኒልክ እስከ 1865 በመቅደላ በቆዩባቸው ዓመታት ዐፄ ቴዎድሮስ ለአውሮፓውያን የእጅ ሥራ የነበራቸውን ጉጉት አይተዋል። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራው እሳቸው አምልጠው ሸዋ ከገቡ በኋላ ነው። ቢሆንም ሚሲዮናውያንን አስገድዶ መድፍ ማስቀለጡ ቴዎድሮስን ምን እንዳመጣባቸው ሳይሰሙ አልቀሩም። ምኒልክ የመረጡት መንገድ ሌላ ነበር፤ ኤደን ላይ ይነግድ ለነበረው ፉረርና ኤሸር ለተባለው የስዊስ ንግድ ቤት ደመወዝ የሚከፈለው ባለሙያ እንዲፈልግላቸው አሳወቁ። ነገሩ በኩባንያ ተጀመረ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ኤደን ምን ዓይነት ቦታ እንደ ነበረች ማስታወስ ይጠቅማል። ከስዊዝ በኤደን አድርጎ ቦምቤይ የሚደርሰው የባሕር ውስጥ የቴሌግራፍ ገመድ የተዘረጋው በ1870 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1872 ከእንግሊዝ እስከ ሕንድ የተዘረጉትን ገመዶች የያዙ የተለያዩ ኩባንያዎች ተዋሕደው ኢስተርን ቴሌግራፍ የተባለ አንድ ግዙፍ ድርጅት ሆኑ። ለአንድ መንግሥት የጦር ትእዛዝና ለነጋዴው የገበያ ዋጋ በአንድ ሽቦ ማለፍ የጀመሩበት፣ የሽቦውም ባለቤት ከብዙ ትንንሽ ማኅበራት ውሕደት የተወለደ ኩባንያ የሆነበት ዘመን ነበር። ከኤደን ባሻገር፣ ከባሕሩ ወዲህ፣ መልእክት አሁንም በግመል እርምጃ ይጓዛል። ኢልግ ሕይወቱን ያሳለፈው በእነዚህ በሁለቱ ፍጥነቶች መካከል ነው።

በ1878 ከሁለት የአገሩ ልጆች ጋር ተነሣ፤ አንኮበር የደረሰው በ1879 መጀመሪያ ነው። ዕድሜው 24 ነበር። ስለ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚነገሩት ወጎች በየመጽሐፉ ይገኛሉ። ንጉሡ በመጀመሪያ ጫማ እንዲሰፋላቸው፣ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራላቸው አዘዙት ይባላል። ኢልግ ማሽን በሌለበት የሚሠራ ጠመንጃ ከሚገዛው እጅግ እንደሚወደድ ቢያስረዳም ምኒልክ ሥራው ይሠራ ብለው ጸኑ፤ እርሱም በብዙ ድካም አንድ ጠመንጃ ሠርቶ አቀረበ ይባላል። የእነዚህ ወጎች አብዛኛው የተጻፈው በስዊሶች በኩል ነው፤ የሕይወት ታሪኩን በ1918 ያሳተመው ኮንራድ ኬለርም አድናቂው ነበር። ስለዚህ ዝርዝሩን በጥንቃቄ መያዝ ይገባል። ብዙ አንባቢ ወጉን የንጉሥ ግትርነት ምሳሌ አድርጎ ይወስደዋል፤ እኔ ግን እንዲህ አላየውም። ምኒልክ ጠመንጃ በገንዘብ እንደሚገዛ ያውቁ ነበር፤ በዝሆን ጥርስና በወርቅ ይገዙም ነበር። ሊያውቁ የፈለጉት በአገራቸው መሬት ላይ ምን ሊሠራ እንደሚችል ነው። ለጥያቄያቸው መልስ አገኙ፤ አንድ ይሠራል፣ ሺህ ግን አይሠራም። ከዚያ በኋላ የሸዋ የመሣሪያ ፖሊሲ በግዢ ላይ ጸና።

ግዢው ደግሞ በይፋት በር የሚያልፍ ነበር። የፈረንሳይ፣ የጣሊያንና የሌሎች አገሮች ነጋዴዎች ከታጁራና ከሌሎች የባሕር ዳርቻዎች እየተነሡ በአፋር መሪዎች ፈቃድና ክፍያ በረሃውን እያቋረጡ ጠመንጃ አመጡ። ከእነርሱ መካከል ዛሬ በሌላ ሙያ የሚታወቀው ገጣሚው አርተር ራምቦ አንዱ ነው። ወደ 2,000 የሚጠጋ አሮጌ ጠመንጃ አስጭኖ በየካቲት 1887 አንኮበር ደረሰ፤ ምኒልክ ግን በዚያን ጊዜ አንኮበር አልነበሩም። ሐረርን ይዘው ወደ እንጦጦ ተመለሱና ዋጋውን በእሳቸው ፍላጎት ቆረጡት። ራምቦ ትርፉ ከስሮ ሲመለስ ከሸዋ ያተረፈው ነገር ቢኖር የኢልግን ወዳጅነት ነው። ከ1888 እስከ 1891 አንዱ ሐረር፣ ሌላው ሸዋ ሆነው በንግድ ተጻጻፉ። ከደብዳቤዎቻቸው የምንረዳው ኢልግ በዚህ ጊዜ መሐንዲስ ብቻ እንዳልነበር ነው። ራምቦ የላከው የማብሰያ ድስትና ሌላው ገዢ ያጣ ዕቃ በሸዋ ገበያ ሲከማች የሚሸጥለትን የሚፈልገው፣ ከግቢው የሚከፈለውን ሒሳብ የሚከታተለው፣ ቀልድና ወቀሳ የተቀላቀለበት መልስ የሚጽፈው እርሱ ነው። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን የሕይወቱን ክፍል ቶሎ ብለው ያልፉታል። የኋላውን ኩባንያ መሥራች ለመረዳት ግን ከድልድዩ ይልቅ ይህ ይጠቅማል ባይ ነኝ፤ ዕቃ በመንገድ ርቀትና በእንስሳት ኪራይ ስንት እጥፍ እንደሚወደድ በየቀኑ ያየ ሰው ነበርና።

የሠራቸውን የግንባታ ሥራዎች ባጭሩ ልለፍ። በአዋሽ ላይ ድልድይ ሠራ፤ ዋና ከተማው ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦም ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር በግቢው ሕንፃዎች ሥራ ተሳተፈ። በ1894 ከእንጦጦ ተራራ የሚወርደውን ውሃ በቧንቧ አድርጎ ወደ አዲስ አበባው ግቢ አስገባ። ውሃ ቁልቁል ወርዶ እንደገና ሽቅብ ወደ ግቢው ጉብታ መውጣቱ በዘመኑ ሰው ዘንድ የፈጠረው መደነቅ ትልቅ ነበር። ይህ ሥራ ለክርክሬ የሚጠቅመው በአንድ ነገር ነው፦ ቧንቧው የንጉሠ ነገሥቱ ነበር። ዕቃውን ገዙት፣ ተሸካሚውን አዘዙ፣ ባለሙያውን ከፈሉ፣ ውሃውን ጠጡ። በመካከል ባለ አክሲዮን አልነበረም።

ስልክም አጀማመሩ እንዲሁ ነው። ራስ መኰንን በ1889 ወደ ጣሊያን ሄደው ሲመለሱ ካመጧቸው ዕቃዎች መካከል የስልክ መሣሪያ ይገኝበታል። በግቢው ውስጥ ተተክሎ አካል የሌለው ድምፅ ሲሰማ አንዳንድ ካህናት የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደ ተቃወሙ፣ ምኒልክ ግን እንዳልተቀበሏቸው ይነገራል። ግቢው ውስጥ እስካለ ድረስ ስልክ የቤት ዕቃ ነበር። ጥያቄው የመጣው ሽቦው ከግቢው አጥር ሲወጣ ነው። መቶዎች ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሽቦና ሐዲድ በአንድ ግምጃ ቤት አቅም የሚሠራ አልነበረም፤ ወይም እንደዚያ ተብሎ ታመነ።

ምኒልክ በ1889 ነገሡ፤ ከባሕር ጋር የሚያገናኝ ትልቅ ውል ለመዋዋል ከበላይ የሚከለክላቸው የለም። በዚያው ዓመት የተፈረመው የውጫሌ ውል ያመጣውን ጣጣ ለመፍታት ከረዷቸው አማካሪዎች አንዱ ኢልግ ነበር። ባዕዳን በውል ቃል ውስጥ ምን እንደሚደብቁ ሁለቱም ከዚያ ተምረዋል። መጋቢት 9 ቀን 1894 ምኒልክ ለኢልግ የምድር ባቡር ኩባንያ እንዲያቋቁም ፈቃድ ሰጡት። መስመሩ በሦስት ክፍል የታሰበ ነው፤ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ። የፈቃዱ ዘመን 99 ዓመት ነው። በዚያው ጊዜ ፖስታም ተቋቋመ፤ ኢልግ ባለበት ጥረት በፓሪስ 7 ዓይነት ቴምብሮች ታተሙ፣ የምኒልክ ምስል ያለበት ብርም ተቀረጸ።

የባቡሩ ውል ለአንባቢ ጎላ ብሎ ሊታይ የሚገባው በሁለት ግዴታዎች ነው። ኩባንያው በሐዲዱ ዳር የቴሌግራፍ መስመር መዘርጋት አለበት፤ የመንግሥትን ጦርና መሣሪያም ማጓጓዝ አለበት። እንግዲህ ይህ ድርጅት በወረቀት ላይ የባቡር ኩባንያ ይባል እንጂ በአሳቡ የመከላከያና የመገናኛ ኩባንያ ነበር። በ1890 የብራስልስ ስምምነት ወደዚህ የአፍሪካ ክፍል የሚገባውን መሣሪያ መገደብ በጀመረበት፣ ጣሊያንም ከሰሜን በምትገፋበት ሰዓት ምኒልክ ሐዲድ የፈለጉት ቡና ለመጫን ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ከፋሬ ዳገት ሥር የሚራገፍ ጠመንጃ ወራት ይፈጃል፤ በሐዲድ የሚመጣ ግን ቀናት።

ዐድዋ ከባቡሩ ቀደመች። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓመተ ምሕረት የተገኘው ድል የተገኘው በግመልና በበቅሎ በመጣ መሣሪያ ነው። በዚያ ጦርነት ወቅት ኢልግ አውሮፓ ነበር፤ በ1895 ፋኒ ጋቲከር የተባለችውን የዙሪክ ሴት አግብቶ፣ በዚያውም የኢትዮጵያን ጉዳይ ለጋዜጦችና ለባለሥልጣናት እያስረዳ ነበር። በ1897 ምኒልክ የመንግሥት አማካሪነት ሹመት ሰጡት። ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሮድና ከሌሎች ጋር በተካሄዱት የዚያ ዓመት ድርድሮች ውስጥ እጁ አለበት። አማርኛን አቀላጥፎ ስለሚናገር በንጉሠ ነገሥቱና በመልእክተኞቹ መካከል አስተርጓሚ ሳይሻ ይቀመጣል፤ ይህም በጊዜው ቀላል ሥልጣን አልነበረም።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በ1896 ኢልግና ፈረንሳዊው ነጋዴ ሌዎን ሼፍኑ በፓሪስ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ምድር ባቡር ኩባንያን መሠረቱ። ሼፍኑ ለምኒልክ መሣሪያ በማቅረብ የታወቀ ሰው ነው። ኢልግ ስለዚህ በአንድ ወገን የኩባንያው መሥራች፣ በሌላ ወገን ኩባንያው ሲያጠፋ መቆጣጠር የሚገባው መንግሥት አማካሪ ሆነ። በዛሬ ቋንቋ የጥቅም ግጭት እንለዋለን። በዘመኑ ሚዛን ግን ምኒልክ ራሳቸው ይህን እንደ ጥቅም ሳያዩት አልቀሩም፤ ኩባንያው በሚያውቁት ሰው እጅ ይሁን የሚል ስሌት ነው። ስሌቱ ያላስተዋለው አንድ ነገር ነበር። ኩባንያን የሚያዝዘው መሥራቹ ሳይሆን ገንዘቡን ያመጣው ነው።

ሥራው በጥቅምት 1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐረር በተራራ ላይ ናትና ሐዲዱን ወደዚያ ማውጣት ከአቅም በላይ ሆነ፤ መስመሩ በተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተወሰነ። በ1902 ማብቂያ ባቡሩ የደረሰበት ቦታ መጀመሪያ አዲስ ሐረር፣ በኋላ ድሬዳዋ ተባለ። ሐረርንና አዲስ አበባን የሚያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር የስልክና የቴሌግራፍ ሽቦ ደግሞ ቀደም ብሎ፣ በዘመኑ ማብቂያ ግድም በፈረንሳይ ባለሙያዎች እጅ ተዘርግቶ ነበር። ምስጥ ምሰሶውን ይበላል፤ ዝሆን ይገፋዋል፤ ሽቦው ለአምባር ይቆረጣል። ቢሆንም ከባሕሩ ጫፍ የሚመጣ ወሬ አዲስ አበባ የሚደርስበትን ጊዜ ከሳምንታት ወደ ሰዓታት አሳጠረው።

ገንዘቡ ግን ከሐዲዱ ፈጥኖ አለቀ። የፓሪሱ ገበያ ሰነፈ፤ ኩባንያው ወደ ለንደን ዞረ። አክሲዮንና የብድር ሰነድ የገዙት የእንግሊዝ ማኅበራት በ1901 ተባብረው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ምድር ባቡር አደራና ግንባታ ኩባንያ የሚባል አንድ ድርጅት ፈጠሩ። ውሕደቱ የተፈጸመው በለንደን ነው፤ ሐዲዱ ያለው በሶማሌ በረሃ ነው፤ ፈቃዱን የሰጡት ንጉሠ ነገሥት ያሉት አዲስ አበባ ነው። ከሦስቱ ቦታዎች አንዱ ብቻ ነው የወሰነው። የተበታተነ አክሲዮን ማንንም አያስፈራም፤ በአንድ እጅ ሲሰበሰብ ግን ባለቤት ይሆናል። ይህን ቀድሞ የተረዳው የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ወገን ነበር። በጅቡቲ ወደብ የሚያበቃ መስመር በእንግሊዝ ገንዘብ ሥር ሊወድቅ ነው ብሎ ጮኸ፤ መንግሥቱም ጣልቃ ገባ። የካቲት 6 ቀን 1902 የፈረንሳይ መንግሥትና ኩባንያው በተፈራረሙት ውል ፈረንሳይ ለ50 ዓመት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ድጎማ ልትሰጥ፣ በምላሹም በኩባንያው ላይ የቁጥጥር መብት ልታገኝ ተስማሙ።

ምኒልክ አልተጠየቁም። ለኢልግ የሰጡት ፈቃድ፣ የጦራቸውን መጓጓዣና የመልእክታቸውን ሽቦ የያዘው ፈቃድ፣ በሁለት የአውሮፓ ከተሞች እጅ ለእጅ ተለዋውጦ የባዕድ መንግሥት ጉዳይ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ እጅግ ተቆጡ፤ ሐዲዱ ከድሬዳዋ እንዳያልፍም ከለከሉ። ክልከላው ለዓመታት ጸና። ብዙ ጊዜ ይህ ውሳኔ ልማትን ያዘገየ ተብሎ ይነቀፋል። ነቀፌታው ከመዝገቡ ጋር ሲመዘን የሚጸና አይመስለኝም፤ ምኒልክ የቀራቸው መሣሪያ የመሬቱ ባለቤትነት ብቻ ነበር፣ እሱን ተጠቀሙበት። ታኅሣሥ 13 ቀን 1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ስለ ኢትዮጵያ ለብቻቸው ሲዋዋሉ የባቡሩን ጉዳይ ከዋና ዋናዎቹ አንቀጾች ውስጥ ማስገባታቸው ፍርሃታቸው ከንቱ እንዳልነበረ ያሳያል።

ኢልግ በእነዚህ ዓመታት በሁለት እሳት መካከል ቆመ። ለፈረንሳዮች የንጉሡ ሰው ነው፤ ለእንግሊዞች የፈረንሳዮች ሰው ነው፤ በግቢው ውስጥ ደግሞ ይህን ኩባንያ ወደ አገር ያመጣ ሰው ነው። ክሱ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አልነበረም፤ ሙሉ በሙሉ እውነትም አልነበረም። ውሉን ያረቀቀው ለንጉሡ እንዲያመች አድርጎ ነው፤ ቴሌግራፉንና የጦር ማጓጓዣውን ግዴታ ያስገባው ውል ያ ነው። ያላሰበው አክሲዮኑ ቢሸጥ፣ ገዢዎቹም ቢዋሐዱ ምን እንደሚሆን ነው። ጠመንጃ ሠርቶ ሲያስረክብ ነገሩ ያበቃ ነበር። ኩባንያ ተሠርቶ ከተረከበ በኋላ ግን ራሱ መሥራት ይጀምራል፤ መሐንዲሱ ይህን በዙሪክ አልተማረም።

በ1906 ወደ ስዊዘርላንድ ሄደ፤ በ1907 ከሥራው መልቀቁን አሳወቀ። አንኮበር ከገባ 28 ዓመት ሆኖት ነበር። አሮጌው ኩባንያ በዚያው ዓመት ፈረሰ። በጥር 1908 ምኒልክ ለአዲስ ኩባንያ የሚሆነውን ፈቃድ በሐኪማቸው በዶክተር ቪታሊየን ስም ሰጡ፤ በእርሱም ላይ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ተመሠረተ። የመሥራቹ ስም የመጀመሪያውን ፈቃድ ይዞ ቀረ፤ በአዲሱ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ኢልግ ጥር 7 ቀን 1916 በዙሪክ አረፈ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1917 ነው፤ ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር።

ወደ ይፋት ልመለስ። ሐረር በ1887 ከተያዘች፣ ጅቡቲ ወደብ ከሆነች፣ ሐዲዱም ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ከባሕር የሚመጣ ዕቃ በአፋር በረሃ ወደ ፋሬ የሚመጣበት ምክንያት አልቀረም። ኢልግን ወደ ምኒልክ ያደረሰውን መንገድ ያደረቀው የራሱ የኢልግ ሥራ ነው። አንኮበር ከዋና ከተማነት ወርዳ የደጋ ወረዳ ከተማ ሆነች፤ ሲራራ ነጋዴው የሚርመሰመስባት አልዩ አምባ የአካባቢ ገበያ ሆና ቀረች። ጣሊያኖች በኋላ ጣርማበርን በስተው በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬና በካራቆሬ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ሲሠሩ የቆላው ሕይወት እንደገና ወደ መንገድ ተሰበሰበ፤ ግን ወደ ሌላ መንገድ። ከአዋሽ ተነሥቶ በዚሁ ቆላ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የተዘረጋው አዲሱ ሐዲድ ደግሞ ባቡርን ከኢልግ ውል ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ ወደ ይፋት አመጣ።

ኢልግ የሰበሰባቸው የኢትዮጵያ ቅርሶችና ያነሣቸው ፎቶግራፎች ዛሬ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የብሔረሰቦች ሙዚየም ይገኛሉ፤ ለተመራማሪ ክፍት ናቸው። እስካሁን ስለ እርሱ የተጻፈው አብዛኛው ከዚያ ወገን የተጻፈ ነው። በፋሬና በአልዩ አምባ መካከል ባለው ዳገት የቅፍለቱን ዘመን ከአያቶቻቸው የሰሙ አርጎባና አማራ ሽማግሌዎች ግን አሁንም አሉ፤ ጭነቱ ምን ያህል ይከብድ እንደ ነበር፣ ኬላው ላይ ምን ይከፈል እንደ ነበር፣ ግመሉ መምጣት ያቆመው መቼ እንደ ሆነ መጠየቅ የሚቻለው እነርሱን ነው። ይህ ጸሐፊ ቀጣዩን ሥራውን ከዚያ ለመጀመር አስቧል።